ካቡ ላይ ያለው ጠርሙስ

ስፕሊት ከተማ ላይ፣ ከሆቴሉ ምድር ቤት፣
ሦስት ዓመት ተምሬ የወይን ጠጅ ሥርዓት፣
ብርጭቆ በእግሩ ይዤ፣ አሽትቼ፣ ተፍቼ፣
ቅዳሜ ደሴቴ ገባሁ በመርከብ መጥቼ።

አባቴ ቪትስኮ ከባሕር ደረሰ፣
ቅንድቡ ላይ ጨው ነጥቶ፣ ሸሚዙ እንደራሰ፤
አራት ዶራዳ ይዟል፣ አንድ ደግሞ ጊንጥ ዓሣ፣
እሾኹን አቁሞ፣ ሞቶም ቂም ያልረሳ።

እናቴ ፔሪና ጓሮ ጎንበስ ብላ
የወይን ጭራሮ ትማግዳለች ጠቅልላ።
«ከሰል ልቡ ክፉ፣ ውስጥ ውስጡን የሚበላ፤
ጭራሮ ይሻላል፣ ቦግ ይልና ያልቃል፣
እንደ ደግ ሰው ቁጣ ማለፉ ያስታውቃል።»

የማን ጭራሮ ነው? ብዬ አልጠየቅሁም።
እኛ ቤት መረብ እንጂ የወይን ሐረግ የለም።

የጥብስ ቅጠል እስር ዘይት ውስጥ ነክራ
ጎኑን ስትዳብሰው ቆዳው ቡግር አፈራ፤
ጠብታው ፍሙን ሲነካው
ሽሽ አለ፣ ጢስ አወጣ፣
ድመቷንም ጠራት ከጣሪያው።

እኔ ከሻንጣዬ፣ በፎጣ የጠቀለልኩትን፣
የሳምንት ደመወዜን የበላብኝን፣
ነጭ ወይን አወጣሁ፣ ላብ የወረዛ አንገቱ።
እናቴ አየችው። አየችኝ። «ለነገ ይሁን» አለች፣
አስቀመጠችው ከወተቱ።

ከዚያ ወደ ካቡ፣ በለሱ ወደሚያጠላበት
ሄዳ ጠርሙስ ይዛ መጣች፣
«የብርቱካን ጭማቂ» የሚል ወረቀት ያለበት፤
ውስጡ ግን ቀይ ወይን፣ ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው፣
ብርሃን ሊያልፍበት ሞክሮ የቸገረው።

ትዝ አለኝ የመምህሬ ሰንጠረዥ፣ ግድግዳ ላይ ያለው፦
በግራ ዓሣ፣ በቀኝ ሥጋ፣
መሐሉ ላይ ካብ የሚያህል መስመር የለያየው።

«እማዬ፣ ቀይ ለሥጋ ነው። የወይኑ መጎምዘዝ
ከዓሣ ዘይት ጋር ሲገናኝ ብረት ብረት ይላል፤
ደግሞ ይኼን ያህል ወፍራም፣ ዓሣውን ይገድላል።»

«ዓሣውማ ሞቷል» አለ አባቴ፣
ቢላውን ጉልበቱ ላይ እየጠረገ፣
አንጀቱን ለድመቷ ወርውሮ ሳቁን ሸሸገ።

እናቴ ውኃ ቀዳች ከጓሮው ጉድጓድ፣
የዝናብ ውኃ፣ ከጣሪያ ወርዶ በድንጋይ የታቆረ፤
ሲሶ ጨመረችበት፤ የቀዩ ኩራት ተሰበረ።
«ጠጪ» አለች።

የጊንጡን ዓሣ ጉንጭ ፈልቅቄ ጎረስኩ፣
ከላዩ ተጎነጨሁ፤ ብረቱን ጠበቅኩ።
አልመጣም።
ያረረው ቆዳና የወይኑ ምሬት
ምላሴ ላይ ተቀመጡ ዝም ብለው፣
እንደሚተዋወቁ ጎረቤት።
ጢሱ ከወይን ግንድ፣ መጠጡ ከወይን ግንድ፤
እሳት የለያያቸው፣ አፌ ውስጥ የሆኑ አንድ።

«ሺሜ?» አልኩ።
አባቴ ባሕሩን አየ። እናቴ ዳቦ ቆረሰች።

አያቴ ሲሞት ጀልባዋን ለአባቴ፣
ወይን ያለበትን ተዳፋት ለሺሜ፣ ለአጎቴ
ሰጠና፣ ጉድጓዱን ረሳ።
አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤
ስሙም በዚህ ቤት አይነሳ።

አምስት ዓሣ ለሦስት ሰው ምን ያደርጋል? እንዳልኩ
ሁለቱን በበለስ ቅጠል ሸፍና
ካቡ ላይ አኖረች፣ ከባዶው ጠርሙስ ጎን፣
ማንንም ሳታይ ተመለሰችና
መብላቷን ቀጠለች።

መሸ። ከማዶ የሹካ ድምፅ። ሳል። ከዚያም፦
«ጨው በዝቶታል!»

አባቴ አልዞረም። አጥንት ከጥርሱ አወጣ፣
ለባሕሩ የሚናገር መስሎ
«ወይኑም ኮምጥጧል» አለ፣
ብርጭቆውን ለእናቴ ገፋ፣ ሙዪው ብሎ።

እናቴ ሹካዋ አየር ላይ እንደቆመ
በከንፈሯ ቆጠረች፦ ሁለት ቃል ከወዲያ፣
ሁለት ቃል ከወዲህ።

የእኛ ቤት ብርጭቆ እግር የለውም፤
በመዳፌ ሙሉ ጨበጥኩት።